ባለቤቱ ሲሄድ የሚገኝ ሜዳ፦ የ1946ቱ የምዕራብ ዳርቻ የጥቁሮች ቤዝቦል ማኅበር

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፣

ከአንድ ቁጥር እንነሳ። በ1946 በአሜሪካ የምዕራብ ዳርቻ የጥቁሮች ቤዝቦል ማኅበር ሲቋቋም እያንዳንዱ ቡድን 110 ጨዋታ እንዲያደርግ ታቅዶ ነበር። ሊጉ ሲፈርስ በደረጃ ሰንጠረዡ አናት ላይ የተገኘው ኦክላንድ ላርክስ ነው፤ 14 ጊዜ አሸንፎ 3 ጊዜ ተሸንፏል። ሲደመር 17 ጨዋታ ይሆናል። አንደኛ የወጣው ቡድን እንኳ የተመዘገበለት ከታሰበለት አንድ ስድስተኛውን አይሞላም። ሊጉ ሜይ ላይ ጀመረ፣ ጁላይ ላይ አበቃ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለነዚያ ስለቀሩት 93 ጨዋታዎች ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ብዙ ሰው ሊጉ ለምን ፈረሰ ለሚለው ጥያቄ አንድ ዝግጁ መልስ አለው፤ ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ወደ ነጮቹ ሊግ ስለገባ የጥቁሮቹ ሊግ ሞተ ይላል። ለትልልቆቹ የጥቁሮች ሊጎች መልሱ ልክ ነው። ሮቢንሰን ለብሩክሊን የተሰለፈው ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሲሆን፣ የጥቁሮቹ ብሔራዊ ሊግ ደግሞ ከ1948 ውድድር በኋላ ተበተነ። ለዚህኛው ሊግ ግን ቀኑ አይገጥምም። ሊጉ ሲፈርስ ሮቢንሰን ገና ካናዳ ውስጥ ለሞንትሪያል ይጫወት ነበር። በራሱ በምዕራብ ዳርቻ የነበረው የነጮች ሊግ፣ ፓሲፊክ ኮስት ሊግ፣ በሩን የከፈተው ጆን ሪቺ በ1948 ለሳን ዲዬጎ ሲሰለፍ ነው። ስለዚህ 1946 ላይ ማንም ተጫዋች አልተነጠቀም፤ ተመልካችም ወደ ሮቢንሰን አልሄደም። ሊጉን የገደለው ሌላ ነገር ነው፤ የራሱ ሜዳና የራሱ ቀን አልነበረውም።

በመጀመሪያ ሊጉ ለምን እዚያ፣ ለምን ያኔ ተቋቋመ የሚለውን እንይ። በ1940 ቆጠራ ኦክላንድ ውስጥ የነበሩት ጥቁሮች 8,462 ነበሩ፤ በ1950 ቁጥሩ 47,562 ደረሰ። ሲያትል ከ3,789 ወደ 15,666 አደገች። ሕዝቡን ያመጣው ጦርነቱ ነው። በሪችመንድና በፖርትላንድ የካይዘር የመርከብ መሥሪያዎች፣ ሲያትል ላይ ቦይንግ ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1941 ያወጡት 8802ኛው ትእዛዝ ደግሞ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች በዘር እየለዩ እንዳይቀጥሩ ይከለክል ነበር። የመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከሉዊዚያና፣ ከቴክሳስና ከአርካንሳስ የተነሱ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጥቁሮችን ቡድን ማየት የለመዱ ናቸው። በአዲሱ ከተማ ደመወዝ አገኙ፤ የራሳቸውን ቡድን ግን አላገኙም።

ፓሲፊክ ኮስት ሊግ ያኔ ስምንት ቡድኖች ነበሩት። ከሴንት ሉዊስ ወዲያ ወደ ምዕራብ አንድም የዋናው ሊግ ቡድን ስላልነበረ፣ ለዳርቻው ሕዝብ ትልቁ ቤዝቦል ይኸው ነበር። በሩ እንዴት እንደተዘጋ ሁለት ማስረጃ ይበቃል። በ1916 ጂሚ ክላክስተን የተባለ ወርዋሪ ቀይ ሕንዳዊ ነው ተብሎ ለኦክላንድ ኦክስ ተሰለፈ፤ ጥቁር ደም እንዳለው ሲታወቅ ወዲያው አሰናበቱት። በ1943 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ለሦስት ጥቁር ተጫዋቾች የሙከራ ዕድል እንሰጣለን ብሎ ቃሉን አጠፈ። በዚያው ዓመት የኦክላንዱ ባለቤት ሙከራው እንዲደረግ ቢጠይቅም አሠልጣኙ እምቢ አለ። ከሦስቱ የሎስ አንጀለስ ሰዎች አንዱ ቼት ብሩወር ነበር፤ ኦክላንድም ላይ የተከለከለው ይኸው ሰው ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ከተማ።

የሊጉን ሐሳብ ያነሱት የበርክሊ እሳት አደጋ ሠራተኞች የነበሩት ኤዲ ሃሪስና ዴቪድ ፖርትሎክ ናቸው። ፕሬዚዳንት የሆነው የሃርለም ግሎብትሮተርስ ቅርጫት ኳስ ቡድን ባለቤት ኤብ ሳፐርስታይን፣ ምክትሉ ደግሞ በ1936 በርሊን ላይ አራት ወርቅ ያጠለቀው ጄሲ ኦውንስ ነው። ኦውንስ የፖርትላንድ ሮዝበድስ ባለቤትም ነበር። ሌሎቹ አምስቱ ሲያትል ስቲልሄድስ፣ ኦክላንድ ላርክስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሲ ላየንስ፣ ሎስ አንጀለስ ዋይት ሶክስና ሳን ዲዬጎ ታይገርስ ናቸው። ስሞቹ የየከተማውን ጠረን ይዘዋል፤ ፖርትላንድ የጽጌረዳ ከተማ ናት፣ ስቲልሄድ የሰሜን ምዕራብ ወንዞች ዓሣ ነው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ወደቡ ላይ የባሕር አንበሳ ይተኛል።

ቡድኖቹ ሜዳ ለመግዛትም ሆነ ለመሥራት አቅም አልነበራቸውም። መፍትሔው የፓሲፊክ ኮስት ሊግን ስታዲየም መከራየት ሆነ፤ ነጮቹ ለጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ጥቁሮቹ ይገባሉ። በወረቀት ላይ ብልህ አሠራር ይመስላል። ስታዲየሙ መብራት አለው፣ መቀመጫ አለው፣ ትራንስፖርት ይደርሰዋል። ችግሩ በተግባር ሲውል ነው የሚታየው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቀስ እንበል።

የፓሲፊክ ኮስት ሊግ አሠራር የሳምንት ነበር። አንድ ቡድን ከማክሰኞ እስከ እሁድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ይጫወታል፤ እሁድ ሁለት ጨዋታ በአንድ ቲኬት ይሆናል፤ ሰኞ የጉዞ ቀን ነው። ስለዚህ ባለሜዳው ከተማው ውስጥ ሲሆን ለተከራይ የሚተርፈው ሰኞ ብቻ ነው፤ ሰኞ ማታ ደግሞ ሠራተኛ ሰው ስታዲየም አይሄድም። ባለሜዳው ሲወጣ ግን ሜዳው ሳምንቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት በተከታታይ ባዶ ይሆናል። ተከራዩ ቡድን እንግዲህ ለሁለት ሳምንት ቤት አለው፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ጎዳና ላይ ነው። የጥቁሮቹን ሊግ መርሐ ግብር የሚያወጣው ሰው ስድስቱን ቡድኖች ማጋጠም ያለበት ስድስቱ ባለቤቶች በሚወጡበት ቀን ልክ ነው። ሁለት ቡድኖች በአንድ ሳምንት ሜዳ ካገኙ ሁለቱም ባለሜዳ ሆነው ተጋጣሚ ሊያጡ ይችላሉ። ሁለቱም ሜዳ ካጡ የሚጫወቱበት የለም።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ቤዝቦል ጭቃ ላይ አይጫወቱትም፤ ጨዋታው ለሌላ ቀን ይዛወራል። ሲያትልና ፖርትላንድ ጁን ላይ ዝናብ አያጣቸውም። የራሱ ሜዳ ያለው ቡድን የተሰረዘውን ጨዋታ በሚቀጥለው ሳምንት ይጫወተዋል፤ ተከራዩ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ባለቤቱ ይመጣበታል። ለእርሱ የተዛወረ ጨዋታ ማለት የጠፋ ጨዋታ ነው። በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ለነበረው ክፍተት አንዱ ምክንያት በእኔ ግምት ይኸው ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ግራና ቀኝ ደግሞ ለየት ያለ ወጥመድ ነበር። የነጮቹ ቡድኖች፣ የሳን ፍራንሲስኮው ሲልስና የኦክላንዱ ኦክስ፣ ተመልካች እንዳይሻሙ በአብዛኛው ተራ ገብተው ነበር የሚጫወቱት፤ አንዱ ቤት ሲሆን አንዱ ይወጣል። ስለዚህ ጥቁሮቹ ሲልስ ስታዲየምን ሲያገኙ ኦክስ ኤመሪቪል ያለው ሜዳው ላይ ይጫወታል፤ የኦክስን ሜዳ ሲያገኙ ደግሞ ሲልስ ማዶ ይጫወታል። ላርክስና ሲ ላየንስ ጎረቤቶች ስለሆኑ ለጉዞ ወጪ የማያወጡበት ምርጥ ግጥሚያቸው ነበር፤ ግን ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ድልድዩ ማዶ ትልቅ ጨዋታ አለ። ያውም በ1946! ጦርነቱ አልቆ ሕዝቡ ወደ ስታዲየም ጎርፎ ነበር፤ ሲልስ በዚያ ዓመት ብቻ ከ670,000 በላይ ተመልካች አስገብቶ ዋንጫውን ወስዷል።

ቤዝቦልን ለማታዘወትሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያለዚህ የሚቀጥለው አይገባም። አንድ ቡድን ዘጠኝ ሰው ያሰልፋል፣ ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፤ ጨዋታውን የሚይዘው ግን ወርዋሪው ነው። ወርዋሪ በአንድ ቀን መቶና ከዚያ በላይ ኳስ በሙሉ ኃይሉ ከወረወረ ክንዱ ሦስት አራት ቀን ማረፍ አለበት። የነጮቹ ዋና ሊግ ቡድን 25 ሰው ሲይዝ፣ የጥቁሮቹ ቡድኖች አቅማቸው ስላልፈቀደ ከ14 እስከ 18 ሰው ይዘው ነበር የሚጓዙት። በዚህ ቁጥር ውስጥ አራት ወይም አምስት ወርዋሪ ቢኖር ነው። እሁድ ሁለት ጨዋታ ሲደረግ ሁለቱ ያልቃሉ። ሜዳ በተገኘበት ሳምንት ገንዘብ ለመሰብሰብ ስድስት ሰባት ጨዋታ ቢደረደር ሐሙስ ላይ የደከመ ክንድ ይወረውራል፣ ወይም ከኋላ መስመር ተከላካይ ተጠርቶ ይወረውራል። የጨዋታው ጥራት ይወርዳል፤ ተመልካች ደግሞ ይህን ወዲያው ያውቃል።

ጉዞውን በአጭሩ ልጥቀሰው። ከሲያትል ሳን ዲዬጎ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሲያትል ፖርትላንድ 280 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ይቻላል፤ ከፖርትላንድ ሳን ፍራንሲስኮ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራ ነው። የዛሬው ፈጣን አውራ ጎዳና ሕጉ እንኳ የወጣው በ1956 ነው። የመኪና ጎማ በራሽን መታደል የቀረው በ1945 መጨረሻ ላይ በመሆኑ አሮጌ ጎማ መንገድ ላይ የሚያስቀር ዘመን ነበር። ነጮቹ በባቡር ይጓዛሉ፣ ሆቴል ይጠብቃቸዋል። ለጥቁር ተጓዥ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን የእኩልነት ሕግ ነበራቸው፣ ግን አስፈጻሚ አጥቶ የወረቀት ሕግ ነበር፤ ኦሬጎን ደግሞ ሆቴልና ምግብ ቤት በዘር እንዳይለዩ የከለከለችው በ1953 ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ ፖርትላንድ የሚሄድ ቡድን እንግዲህ ማደሪያውን አስቀድሞ በጥቁር ቤተሰቦች ቤት ካላዘጋጀ አውቶቡስ ውስጥ ያድራል፤ በማግስቱ ይጫወታል።

አሁን ወደ በሩ ገንዘብ እንምጣ። የምሰጠው ሒሳብ አሠራሩን ለማሳየት የተሰላ ምሳሌ ነው፤ የሊጉ መዝገብ አይደለም። 1,500 ሰው በአንድ ዶላር ገባ እንበል። የፌዴራል መንግሥቱ የመግቢያ ግብር ያኔ በቲኬቱ የተጣራ ዋጋ ላይ የሚጨመር 20 በመቶ ስለነበር፣ ከ1,500 ዶላሩ 250 ግብር ነው፤ 1,250 ይቀራል። የስታዲየሙ ባለቤት 20 በመቶ ሲወስድ 1,000 ይቀራል። እንግዳው ቡድን 40 በመቶ፣ 400 ዶላር ይዞ ይሄዳል። ከቀረው 600 ላይ ለዳኛ፣ ለኳስ፣ ለመብራት፣ ለማስታወቂያ 150 ቢወጣ ባለሜዳ የሆነው ቡድን 450 ያተርፋል። 16 ተጫዋች በወር 200 ዶላር ቢከፈለው ደመወዙ ብቻ 3,200 ነው። ሰባት እንዲህ ያለ ጨዋታ አድርጎ እንኳ ደመወዙን አይሞላም፤ ነዳጅና ማደሪያ ገና አልተነኩም።

ተመልካቹ በግማሽ ቢቀንስስ? 750 ሰው ሲገባ፣ በዚሁ ስሌት ከግብር፣ ከኪራይና ከእንግዳው ድርሻ በኋላ 300 ይቀራል። የዳኛው፣ የመብራቱና የማስታወቂያው 150 ግን ሰው በዛም አነሰም አይቀንስም። ትርፉ 150 ይሆናል። ሰው በግማሽ ሲቀንስ ትርፍ ወደ ሲሶ ወረደ ማለት ነው። ተጓዥ ሊግ በአንድ ወር ውስጥ ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ወደ ላይ ከሚወስደው ይልቅ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ተመልካቹም ሊቀንስ ግድ ነበር። መሥራቾቹ የቆጠሩት የ1944ን ሕዝብ ነው፤ በ1946 የመርከብ መሥሪያዎቹ ሠራተኛ እያሰናበቱ ነበር፣ ቀድሞ ከሥራ የሚወጣውም ጥቁሩ ነበር።

እንዲህ ሲሆን የቡድን ባለቤቶች ምን ያደርጋሉ? ከሊጉ ውጭ ይጫወታሉ። አንድ ትንሽ ከተማ ያለ ቡድን ለእሁድ ጨዋታ ቁርጥ ገንዘብ ከሰጠ፣ ባለቤቱ ሰው ይምጣ አይምጣ ከማያውቀው የሊግ ጨዋታ ይልቅ ወደዚያ ይሄዳል። ለባለቤቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ለሊጉ ግን ሞት ነው። የሲያትሉን ስቲልሄድስ ተመልከቱ። ቡድኑ አዲስ አልነበረም፤ የሳፐርስታይን የግሎብትሮተርስ ቤዝቦል ቡድን በአዲስ ስም ነው። ስሙ ተቀይሮ ሊግ ውስጥ ገባ፣ ሊጉ ሲቆም ወደ ድሮ ስሙና ከከተማ ከተማ እየዞረ ወደሚያደርገው ዙር ጨዋታ ተመለሰ። ሳፐርስታይን የሊጉ ፕሬዚዳንትም፣ የቡድን ባለቤትም፣ ጨዋታ እያዋዋለ ኮሚሽን የሚበላ ደላላም ነበር። በሁለት ቢላዋ መብላት ብቻ ነበር ብሎ መደምደም ግን ይከብዳል፤ ያለ እርሱ ግንኙነት ስታዲየሞቹም አይገኙም ነበር። ሆኖም ሊጉ ቢፈርስ ከሁሉ ያነሰ የሚጎዳው ሰው የሊጉ መሪ መሆኑ የአወቃቀር ስህተት ነው፤ ይህን በግልጽ ማለት ያስፈልጋል። ኦውንስ በበኩሉ ከጨዋታ በፊት እየሮጠ ለተመልካች ያሳይ ነበር። በርሊን ላይ ዓለምን ያስደነቀ እግር ከአሥር ዓመት በኋላ የቲኬት ማሻሻጫ ሲሆን ማየት ልብ ይሰብራል።

ጋዜጣውም ድርሻ አለው። ዕለታዊ የነበሩት የነጮቹ ጋዜጦች ለዚህ ሊግ ቦታ አልሰጡትም ማለት ይቻላል። እንደ ካሊፎርኒያ ኢግል ያሉት የጥቁሮች ጋዜጦች ደግሞ ሳምንታዊ ነበሩ። ማክሰኞ የተደረገን ጨዋታ አንባቢ ሐሙስ ወይም ዓርብ ያነበዋል፤ የደረጃ ሰንጠረዡ ሲታተም አርጅቷል። ሊግን ከዙር ጨዋታ የሚለየው ሰንጠረዡ ነው። ነገ ላርክስ ቢሸነፍ ማን ይቀድማል የሚል ጭንቀት ከሌለ ሰው ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም።

እዚህ ላይ የእኛን ጆሮ የሚነካ አንድ ጉዳይ አለ። ሳፐርስታይን ጨዋታ ያዋውልላቸው ከነበሩ ቡድኖች አንዱ ኢትዮጵያን ክላውንስ ይባል ነበር፤ የኢትዮጵያ ቀልደኞች እንደማለት ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን የኢትዮጵያን ወሬ በየቀኑ ይከታተሉ ስለነበር ስሙ ገበያ ነበረው። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን በቀለም ቀብተው፣ አፍሪካዊ የሚመስል የፈጠራ ስም ይዘው ይጫወቱ ነበር። ችሎታቸው ግን ቀልድ አልነበረም፤ በ1941 የዴንቨር ፖስት ጋዜጣን ውድድር አሸንፈዋል። የትልልቆቹ የጥቁሮች ሊጎች ባለቤቶች አሠራሩ ያዋርደናል ብለው ተቃወሙ፤ ቡድኑ በ1943 ወደ ጥቁሮች አሜሪካን ሊግ የገባው ቀለሙንና የኢትዮጵያን ስም ትቶ፣ ሲንሲናቲ ክላውንስ ተብሎ ነው። በኋላ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛወረ። በእኔ እምነት ተቃዋሚዎቹ ልክ ነበሩ፤ ደም እየፈሰሰበት ያለ አገር ስም የሳቅ ማስታወቂያ ሊሆን አይገባም ነበር።

ሊጉ ሲበተን ተጫዋቾቹ አልተበተኑም። ሲ ላየንስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ቀጠለ። በ1949 ቶኒ ስቶን የተባለች ሴት ለቡድኑ ተሰለፈች፤ ከወንዶቹ ያነሰ እንደሚከፈላት ስታውቅ ትታ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄደች። በ1953 ወደ ጥቁሮች አሜሪካን ሊግ ገብታ በትልቅ የጥቁሮች ሊግ በቋሚነት የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ የተሰለፈችውም ለኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ነው፣ ለያኔው ኢትዮጵያን ክላውንስ። ለላርክስ ከተጫወቱት መካከል ላየኔል ዊልሰን ሕግ ተምሮ ዳኛ ሆነ፤ በ1977 የኦክላንድ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኖ ተመርጦ እስከ 1991 ከተማዋን መራ። ለስቲልሄድስ የተጫወተው ሄርብ ሲምፕሰን በ1954 አልበከርኪ ውስጥ የነጮቹን ቡድን በር ከፈተ። ሲያትል ማሪነርስም በተለያዩ ዓመታት የስቲልሄድስን ማሊያ ለብሶ ሜዳ ገብቷል።

የተከራዩአቸው ስታዲየሞችም የሉም። የፖርትላንዱ ቮን ስትሪት በ1956፣ የኦክላንዱ በ1957፣ ሲልስ ስታዲየም በ1959 ፈረሱ። የሲያትሉ ሲክስ ስታዲየም ከሁሉ ዘግይቶ በ1979 ፈረሰ። ሲያትል የምትኖሩ ቦታውን ታውቁታላችሁ። ሬኒየር ጎዳና ከማክሌላን መንገድ ጋር የሚገናኝበት፣ ከኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የማይርቀው ማዕዘን ነው። በኋላ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ መደብር ተሠርቶበታል፤ ድሮ ሆም ፕሌት የነበረበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክትም ተቀምጦለታል። ስቲልሄድስ በ1946 ጁን ላይ ቆመው ኳስ የመቱት እዚያ ነው።